አንድ ጽጌረዳ፣ አንድ አደስ

ዛሬ ቦሌን የሚያውቅ ሰው የያኔውን ቦሌ ቢያወሩለት «ተረት ነው» ብሎ ይስቃል። ያኔ አውሮፕላን ማረፊያውን አለፍ ብሎ ወደ ገርጂ ሲኬድ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ሜዳ ነበር። ክረምት ሲገባ የእንቁራሪቱ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል፤ መስከረም ሲጠባ ሜዳው ሁሉ አደይ ይለብሳል። ቤቶቹ ጥቂት ነበሩ፤ ግን ግቢ የሌለው ቤት፣ አበባ የሌለው ግቢ አልነበረም። ሰው የሰውን ቤት የሚፈልገውም በቁጥር ሳይሆን በአጥሩና በአበባው ነበር። «ቡገንቪሊያው ቤት»፣ «ኮሽሙ ቤት» ከተባለ የሩቅ እንግዳ እንኳ አይጠፋም። አሁንማ ግቢውን ዳር እስከ ዳር ሴራሚክ አንጥፎ፣ በሩ ላይ አንድ የፕላስቲክ አበባ ሰቅሎ «እኔ አረንጓዴ ነገር እወዳለሁ» የሚለው ሰው ብዛቱ! ይሁን፣ ጊዜው ነው።

ከነዚያ ቤቶች አንዱ «ፍንጭቱ ቤት» ይባል ነበር። በረንዳው ፊት አሥራ ሁለት ቁጥቋጦ ተሰልፏል፤ አንድ ጽጌረዳ፣ አንድ አደስ፣ ደግሞ አንድ ጽጌረዳ፣ አንድ አደስ። ጽጌረዳው ተመዝዞ ይወጣል፣ አደሱ ዝቅ ብሎ ይደፋል፤ ከመንገድ ሲያዩት እውነትም ፍንጭት ጥርስ ነው። አላፊ አግዳሚው ይስቅ ነበር። የአተካከሉን ምክንያት የሚያውቁት ግን ሦስት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የቤቱ እመቤት ወርቅዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ባሏ ዓለምሰገድ የመንገድ ቀያሽ ነው። ቀያሽ ሲባል በሥራ ሰዓት ብቻ የሚቀይስ እንዳይመስላችሁ፤ ይህ ሰው ምሳ ላይ ወጡ ከእንጀራው መካከል ካልፈሰሰ የሚከፋው፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ከዘመመ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። ቤቷን በስንት መከራ ሠርተው የገቡት አብዮቱ ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ትርፍ ቤት ሲወረስ እነሱ አንዲቷን ብቻ ስለነበራቸው ተረፈችላቸው። በ1970 መስከረም ላይ ዓለምሰገድ ሜትሩን፣ ገመዱንና ችካሉን ይዞ በረንዳው ፊት ወጣ፤ የአበባው ነገር የዚያን ቀን ተጀመረ።

«ጽጌረዳ ነው» አለ። «ቀይ። አሥራ ሁለቱም።»

«አደስ ነው» አለች ወርቅዬ። «አሥራ ሁለቱም።»

«አንቺ ሴት፣ አደስ እኮ የቅቤ ቅጠል ነው! ሰው በረንዳው ፊት ቅመም ይተክላል? ነገ ደግሞ ኮረሪማ እንትከል ልትዪኝ ነው?»

«የአባቴ ቤት ደጅ ላይ አደስ ነበር። አንዴ ከጸደቀ ጸደቀ ነው፤ ሰው ሲያልፍ ቀሚሱ ከነካው ደጁ ሁሉ ያውዳል። ያንተ ጽጌረዳ እሾህ ነው፣ ተባይ ነው፣ እንደ አራስ ልጅ ሲነካኩት ካልዋሉ…» አለችና ምላሷን ነከሰች።

ከተጋቡ ዘጠነኛ ዓመታቸው ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ያልሄዱበት ጠበል፣ ያላዩት ሐኪም የለም። ዓለምሰገድ አንድም ቀን በዚህ ነገር ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም፤ ወርቅዬን የሚያቃጥላትም ያ ደግነቱ ነበር። ቢናገር እሷም ትመልስ፣ ትጣላ፣ ይወጣላት ነበር።

መቆፈሩን መሬቱ ሳይደርቅ ጨረሰው። ጉድጓዱ በጋውን ፀሐይ ይምታው፣ ሰኔ ላይ ዝናብ ሲያዝ እንተክላለን ብሎ ነው። ክርክሩ ስላላለቀም ፕላን ሠራ፤ ቀያሽ አይደል! በወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ፣ በየነጥቡ ሥር ‹ጽ› ወይም ‹አ›፣ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት። ከላይ ደግሞ በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ «ሰኔ ላይ ይወሰናል» ብሎ ጻፈበት።

ያ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ቤት ውስጥ የሚቀመጥበት ዘመን አልነበረም። የመስከረም የመጨረሻው እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአሰሳ የመጡት ሰዎች መጀመሪያ የመንገድ ካርታዎቹን አገኙ። ቀጥለው ያችን ወረቀት።

«‹ጽ› ማናት?»

«ጽጌረዳ» አለ ዓለምሰገድ።

«የሕቡዕ ስሟ ነው?»

«አበባ ናት።»

«አበባ የምትባል ሌላ ሴትም አለች ማለት ነው። ‹አ› እሷ ናት?»

«አይ፣ ‹አ› አደስ ነው።»

«ሰኔ ላይ የሚወሰነው እርምጃስ?»

ወርቅዬ እየሮጠች ወጥታ ጉድጓዶቹን አሳየቻቸው። በአንድ መስመር የተደረደረ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ማየታቸው ነገሩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም። ዓለምሰገድን ወሰዱት። መኪናው ላይ ሲወጣ እንኳ ዞር ብሎ «ገመዱን አትንቀዪው» አላት።

ከዚያ በኋላ የወርቅዬ ኑሮ ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ምሳ ዕቃውን ሞልታ በእስር ቤቱ በር ትሰለፋለች፤ ባዶው ምሳ ዕቃ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ዕቃው ከተመለሰ ሰውየው አለ። «ከእንግዲህ አታምጪ» ከተባለች ግን ሰውየው የለም። ይህን ማንም አያስረዳም፣ በሰልፉ ላይ የማያውቀውም አልነበረም። አንዳንዴ ከውስጥ ብጣሽ ወረቀት ይወጣል፤ የሚጻፍበት የሚፈለግ ዕቃ ብቻ ነው፤ ሳሙና፣ ካልሲ። ከውጭ ወደ ውስጥ ግን አንድ ፊደል አይገባም።

ሰኔ መጣ፤ ዝናቡም ያዘ። ጉድጓዶቹ ውሃ አቆሩ። ጎረቤቷ እትዬ ፈለቀች በአጥሩ ላይ ሆነው አንድ ጊዜ አዩ፣ ሁለት ጊዜ አዩ፣ በሦስተኛው አላስቻላቸውም።

«ልጄ ወርቅዬ፣ የተቆፈረ ጉድጓድ ባዶውን አያድርም፤ ሰው ይጠራል። አንዱ ይበቃ የለም እንዴ? አሥራ ሁለት! ያውም ባልሽ እንዲህ ባለ ቦታ ሆኖ። ድፈኚው።»

መድፈኑ ቀብር መሰላት። የራሷን አደስ መትከሉ ደግሞ ባሰባት፤ ባሏ በሌለበት ክርክሩን መርታት «አይመለስም» ብሎ መፍረድ ሆነባት። ይህን ስታወጣ ስታወርድ ከወንዙ ዳር ችግኝ የሚያፈሉት ጋሽ ላጲሶ መጡ። ሽማግሌው ሰውን ሁሉ «ጓድ» ማለት ግዴታ በሆነበት ጊዜ «እሜቴ» ማለት ያልተዉ ሰው ነበሩ፤ ሰው ሲቆጣቸው ሁለቱን አጋብተው «ጓድ እሜቴ» ይላሉ።

«ጓድ እሜቴ፣ ዝናቡ እኛን አይጠብቅም። ጽጌረዳም አለ፣ አደስም አለ። የቱን ላምጣ?»

«እሱን ልጠይቀው» አለች ወርቅዬ።

«በምን አፍ?»

«በቅጠል። ከሁለቱም አንድ አንድ እልክለታለሁ፤ የመረጠውን በባዶው ምሳ ዕቃ ይመልስልኛል።»

በዚያው ቅዳሜ ከእንጀራው ሥር አንዲት የጽጌረዳ እምቡጥ ከነቅጠሏና አንድ ዘለላ አደስ አስቀምጣ ሄደች። ፈታሹ ጠባቂ ክዳኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያገኘው እምቡጡን ነው።

«አበባ? ሠርግ ቤት መሰለሽ እንዴ!» ብሎ ጭቃው ላይ ወረወረው። አደሱን አነሳ፣ አሸተተ፣ ትንሽ ቆየና «ይኼ እንኳ ቅመም ነው» ብሎ መልሶ አስገባው።

ወርቅዬ «እንግዲህ አደሱን ብቻ ካየ ያለ እሱ የወሰንኩ ይመስለዋል፤ ይከፋዋል» እያለች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመች። ምሳ ዕቃው ሲመለስ ውስጡ ቅጠል አልነበረም። ብጣሽ ወረቀት ነበር።

«ሳሙና አንድ። ካልሲ አንድ ጥንድ። እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባለው ለአራስ ነው፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። ነገሩ የገባት ቀስ በቀስ ነው። አደስ ከቅቤ ጋር ተወቅጦ ለማን ይቀባል? ለሙሽራና ለአራስ። ሙሽራ አለመሆኗን ባሏ ያውቃል። ከመስከረም እስከ ሰኔ በጣቱ ቆጠረ፤ ዘጠኝ ሞላለት። ወርቅዬ መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠና ቤቷ እስክትደርስ አልቆመላትም።

እትዬ ፈለቀች ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። ወዲያው ግን «ተዪው» አሉ። «እዚያ ያለ ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም። ተዪው ደስ ይበለው።»

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷን የማላይ ይሁን ነው የሚሉት፣ እትዬ?»

«ባይጠጣትም እያያት ይኑር። ምን ቸገረሽ?»

ጋሽ ላጲሶ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሜቴ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ። በሥራዬ የማውቀው ግን ያልተተከለ ጸደቀ አይባልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ይንገሩት።»

ወርቅዬም ልትነግረው ቆርጣ ነበር። ግን በምን? ከውጭ ፊደል አይገባም፤ «አይደለም» የሚል ቅጠል ደግሞ ጋሽ ላጲሶ ዘንድም አልነበረም። ሽማግሌው «በሉ ከአበባው የቱን ላምጣ?» ብለው ሲጠይቋት የሱን ምርጫ ከራሷ ምርጫ ማስበለጥም ማሳነስም አቃታትና «አንድ አንድ» አለች።

«እንዴት አንድ አንድ?»

«አንድ ጽጌረዳ፣ አንድ አደስ። እስከ አሥራ ሁለት።»

«እሜቴ! ጽጌረዳ መገረዝ ይፈልጋል፣ አደስ ካልተነካ ነው የሚያምረው። አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል። ድመትና ውሻ ባንድ ገመድ ማሰር እኮ ነው!»

«ይሁን ይተከሉ።»

ገመዱ እንዳለ ነበር። ጋሽ ላጲሶ እያጉረመረሙ በገመዱ ልክ ተከሉት፤ አሥራ ሁለቱም ጸደቁ። ሰፈሩም በሁለት ወር ውስጥ ስም አወጣለት።

ነሐሴ ላይ በባዶው ምሳ ዕቃ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። የሕፃን ቆብ ነው፤ ብርቱካን የምታህል። ክሩ ከአሮጌ ሹራብ የተተረተረ ነው፤ እስከ ግማሹ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ሲያልቅ ቡኒ። ዓለምሰገድ መርፌ ይዞ አያውቅም፤ ግን ረድፉ ቀጥ ያለ፣ የተለካ፣ አንዲት ዙር ያልተዛነፈች ነበረች። ወርቅዬ ቆቡን በጡጫዋ ላይ አጥልቃ ስታየው ከሰልፉ አንዲት ሴት መጥታ ትከሻዋን ሳመቻት። ንግሥቲ ትባላለች፤ ባሏ መምህር ሐዱሽ ከዓለምሰገድ ጋር አንድ ክፍል ነው የታሰረው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እኅቴ። ቡኒው ክር የኛ ሰውዬ ሹራብ ነው፤ እጅጌውን ተርትሮ ሰጠ። ወንድ ልጅ ነው አሉ?»

ወንድ መሆኑን ማን እንደወሰነ ወርቅዬ አታውቅም። በስብሰባ ዘመን አርባ ሰው የታጎረበት ክፍል በድምፅ ብልጫ ወስኖ ይሆናል። እሷ ግን «አዎ» አለች። ያች «አዎ» ከአፏ ስትወጣ ነገሩ ከእጇ ወጣ።

ኅዳር ላይ ደግሞ ጋሽ ላጲሶ ታሰሩ። የሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ አበባውን ነቅሎ ጎመን እንዲተክል እንዲያስተምሩ ታዘዙ። ተነሥተው «ጎመን ለሆድ ነው፤ አበባ ለዓይን። ዓይን የሌለው ሆድ ምን ይሆናል? እሜቴ ወርቅዬን ጠይቋቸው» አሉ። ስለ ጎመኑ ሳይሆን ስለ «እሜቴ» ሦስት ሳምንት ገቡ። የገቡት ዓለምሰገድ ካለበት እስር ቤት ነበር። ሲፈቱ በቀጥታ መኮትኮቻቸውን ይዘው ወደ ፍንጭቱ ቤት መጡ።

«አዩት?» አለች ወርቅዬ።

«አየሁት። ደህና ነው። ጺሙ አድጓል።»

«ስለ ልጁ ጠየቀዎት?»

ጋሽ ላጲሶ ወደ ጽጌረዳው ጎንበስ አሉ። «እሜቴ፣ ይኼ ነገር ቅማል ፈልቶበታል። የሳሙና ውሃ ያምጡልኝ እስኪ።» ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ወርቅዬ ሽማግሌው እንደማይዋሹ ታውቃለች፤ ግን ስለሷ ብለው ዝም ያሉ መሰላትና በልቧ መረቀቻቸው።

ለገና በዓል ዘመድ እንዲጠይቅ ተፈቀደ። ጠያቂው ከአንድ ሽቦ ወዲህ፣ እስረኛው ከሌላ ሽቦ ወዲያ፤ በመካከል ጠባቂ ይመላለሳል። የፈለገ በጩኸት ያውራ ነው። ወርቅዬ ሌሊቱን ሙሉ ስትለማመድ ያደረችው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «ዓለሜ፣ አደሱ ለጥያቄ ነበር እንጂ ልጅ የለም።» ከሽቦው ስትደርስ ዓለምሰገድ ከስቶ፣ ጺሙ ደረቱ ደርሶ አየችው። ከኋላው የክፍሉ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል፤ ሽማግሌ አለ፣ ገና ጢም ያላወጣ ተማሪ አለ፣ መምህር ሐዱሽም እጅጌ በሌለው ሹራብ ቆሟል። ሁሉም ዓይናቸው እሷ ላይ ነው።

ዓለምሰገድ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «ልጁ እንዴት ነው?»

ወርቅዬ አፏን ከፈተች። የተለማመደችው ዐረፍተ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ደህና ነው! ጥርስ አወጣ!»

«ከላይ ነው ከታች?» አለ አንዱ ሽማግሌ ከኋላ።

«ከታች! ሁለት!»

ከሽቦው ወዲያ የተነሣው ሆታ ጠባቂውን እንኳ አሳቀው። ዓለምሰገድም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀና ትክ ብሎ አያት። ወርቅዬ ያን ዓይን ወደ ቤቷ ይዛው ገባች። «ባሌን በበዓል ቀን ዓይኑ እያየ ዋሸሁት» ብላ ራሷን ረገመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈራው «አታምጪ» መባልን ብቻ አልነበረም። መፈታቱንም ፈራችው። ቀን ከሌት የምትለምነውን ነገር መፍራት ደግሞ ኃጢአት ሆኖ ታያት።

ዓመታቱ በዚሁ ሄዱ። ካልሲ ወጣ፣ ቀጥሎ ጓንት፣ ቀጥሎ የሁለት ዓመት ልጅ ሹራብ፣ ቀጥሎ የሦስት። ልኩ ሁሌ ትክክል ነው፤ ልጁ ከዕድሜው ጋር እኩል ያድጋል። ወርቅዬ ሁሉንም አጥባ፣ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ታስቀምጣለች። አደሱ ወገቧ ደርሶ ነጭ አበባውን ማውጣት ጀመረ። ሰፈሩ ውስጥ ሙሽራ ስትዳር፣ ሴት ስትወልድ «ከፍንጭቱ ቤት አደስ አምጡ» ይባላል። ወርቅዬም ቆርጣ ትሰጣለች፤ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ትላለች። የወለደች ሴት ሁሉ አደሷን ከእሷ ደጅ ወስዳለች። በሩን ስትዘጋ ግን እዚያው ቁጥቋጦዎቹ መካከል ትቆማለች፤ ጽጌረዳውን ስትገርዝ፣ ሥሩን ስትኮተኩት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራለች። እትዬ ፈለቀች በአጥሩ በኩል ሰምተዋታል። ከማን ጋር እንደምታወራ አልጠየቋትም።

በ1975 መስከረም ላይ የሚፈቱ ሰዎች ስም ዝርዝር ተነበበ። ዓለምሰገድ ነበረበት። እትዬ ፈለቀች እልልታቸውን ጨርሰው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«አሁን ምን ልትዪው ነው? ታሞ ሞተብኝ በይው እንጂ።»

«አንዴ ሳይወለድ የቀረን ልጅ ሁለተኛ አልገድልም» አለች ወርቅዬ። እሱ የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቷት በረንዳው ፊት ወጣች።

ዓለምሰገድ በእግሩ መጣ። በብብቱ አንድ ጥቅል ይዟል። በሩን ከፍቶ ገባና ቆመ። ወርቅዬ ዓይኑን ብቻ ነበር የምትከተለው፤ አሁን ወደ በሩ ያያል፣ አሁን «የት አለ?» ይላል ብላ። እሱ ግን ወደ ቤቱ አላየም። የቁጥቋጦውን መስመር ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካ።

«ይኼን ማን ነው የቀየሰው?» አለ። «መስመሩ ቀጥ ብሏል። አተካከሉ ግን ሰክሯል።»

ተቃቅፈው ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ ሁለቱም አያውቁም። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

«ዓለሜ፣ አንድ ነገር አለ። ሳልነግርህ…»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ልጅ እንደሌለ። ጋሽ ላጲሶ ነግረውኛል። ላንቺ እንዳይነግሩሽ አስምያቸው ነበር።»

ወርቅዬ ቆጠረች። ጋሽ ላጲሶ የታሰሩት ኅዳር ነው። ኅዳር ከገና በፊት ነው።

«በገና ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!»

ዓለምሰገድ ጥቅሉን በረንዳው ደረጃ ላይ አስቀመጠ። «ያ ሁሉ ሰው ነዋ ያስጠየቀኝ። ወርቅዬ፣ ጧት ሲነሡ የመጀመሪያ ቃላቸው ‹ልጃችን እንዴት አደረ› ነበር። ዳዴ ማለት የጀመረ ቀን ሻይ አፍልተናል። ተጠርቶ የሚሄድ ነበር፤ ሄዶም የማይመለስ። አንዱ ስሙ ሲጠራ ሹራቡን አወለቀና ‹ለልጁ› ብሎ ሰጠኝ። ሌላም አላለ። ታዲያ እኔ ምን ልበለው? ልጅ የለም ልበለው?»

ወርቅዬ ጥቅሉን ፈታችው። የአራት ዓመት ልጅ ሹራብ ነበር፤ ደረቱ አረንጓዴ፣ አንዱ እጅጌው ግራጫ፣ አንዱ ቀይ። የየማን ክር እንደሆነ አልጠየቀችም።

«እኔም ላንተ ብዬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ጥርስ አወጣ ስትዪ የእውነት ያወጣ መሰለኝ።»

በሜዳው በኩል አንድ አውሮፕላን ተነሥቶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱም ጠበቁ። ዓለምሰገድ የሹራቡን እጅጌ እያስተካከለ፣ ዓይኑን ከእጁ ላይ ሳያነሣ ጠየቃት።

«ስም አውጥተሽለት ነበር?»

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እትዬ ፈለቀችም፣ በሰልፉ የምታገኛት ንግሥቲም።

«አውጥቼለት ነበር።»

«ማን?»

«ጠብቀው።»

ዓለምሰገድ ስሙን ከራሱ ስም ጋር አድርጎ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ጠራው፤ «ጠብቀው ዓለምሰገድ» አለ። ሲወስዱት ያላለቀሰ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰ ሰው በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ወርቅዬም አጠገቡ ተቀመጠች፤ አላባበለችውም።